የነሲም በላጥና የፒያሳ ዘመዱ

በሪያድ ከተማ ምሥራቅ በሚገኘው የነሲም ሰፈር የበጋ የሥራ ቀን ሁለት ጊዜ ይጀምራል፤ አንዴ ጎሕ ሲቀድ፣ አንዴ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር። የመካከሉ ሰዓት በሕግ የተዘጋ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ የእግረኛ መንገድ የሚያነጥፉ ሠራተኞች ከጥላ ሥር ይወጣሉ። አንዱ አሸዋውን በጣውላ እየሳበ ያስተካክላል። ሌላው ክር ይወጥራል። ሦስተኛው ተንበርክኮ ግራጫውን ንጣፍ ያስቀምጥና በጎማ መዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። ንጣፉ ቦታውን ሲይዝ ድምፁ ከባዶ ወደ ሙሉ ይለወጣል፤ ልምድ ያለው ሰው ውሃ ልኩን ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ቡድን የአንድ አገር ሰዎች ብቻ የተሰባሰቡበት አይደለም። ፓኪስታናዊ፣ ባንግላዴሻዊ፣ የመናዊ፣ ግብፃዊና ኢትዮጵያዊ አንድ ክር ይዘው ይሠራሉ። የሚግባቡበት ዓረብኛ ከየአገሩ በመጣ አነጋገር የተሰባበረ ነው፤ ሁሉም አጥርቶ የሚጠራው አንድ ቃል ግን አለ። በላጥ።

በላጥ በዓረብኛ ለመንገድ፣ ለግቢና ለወለል የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። አንዷ ድንጋይ በላጣ ትባላለች፤ አንጣፊው ሙበሊጥ ነው፤ ሥራው ተብሊጥ። ዛሬ ቃሉ ከድንጋይ አልፎ የሲሚንቶ ንጣፉን፣ ቴራዞውንና ሴራሚኩን ሁሉ ያቅፋል። ዳር ለዳር ተቆላልፎ የሚገጠመው የሲሚንቶ ብሎኬት ኢንተርሎክ በሚል የእንግሊዝኛ ስሙ ሲጠራ፣ የመንገዱን ጠርዝ የሚይዘው ረጅም ድንጋይ ከፈረንሳይኛ የመጣውን በርዶራ የሚለውን ስም ይዟል። አንድ የነሲም የእግረኛ መንገድ ላይ ሦስት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተነጥፈው ይገኛሉ ማለት ነው።

ሰፈሩ ራሱ ምሥራቅ ነሲምና ምዕራብ ነሲም ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ስሙ ለስለስ ያለ ነፋስ ማለት ነው። በ2022 በተደረገው ቆጠራ 7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ የነበራት ሪያድ በታኅሣሥ 2024 የሜትሮ ባቡሯን ስትከፍት የነሲም ስም በጣቢያ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ከፀሐይ የተነሣ እግረኛ ጥቂት በሆነባት ከተማ ባቡር ሲመጣ መንገደኛው ወደ ጣቢያው በእግሩ መድረስ አለበት፤ ያን ጊዜ ከእግር በታች ያለው ነገር ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ይሁንና አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን በላጥን የተዋወቁት በመንገድ ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ተነሥታ ሳዑዲ ቤት የገባች ሴት ቋንቋውን የምትጀምረው ከወለሉ ነው። ሐውሹን አጥቢ፣ በላጡን ጥረጊ፣ ውሃውን ሳቢ። ሐውሽ በአጥር የተከበበው ግቢ ነው፤ የሪያድ አቧራ ቀን ከሌት ይወርድበታልና እጥበቱ አያልቅም። መዝገበ ቃላት ገልጣ ሳይሆን በእጇና በጉልበቷ የተማረችው ቃል ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እንዲህ ያሉ ቃላትም አብረዋቸው ተመልሰዋል። ሻንጣ ተመዝኖ ያልፋል፤ ቃልን የሚመዝን ሚዛን ግን የለም።

ለአማርኛ ጆሮ በላጥ ባዕድ አይመስልም። በለጠ አለ፣ ብልጥ አለ፤ ግድግዳን በሌላ ነገር መሸፈን ለበጠ ይባላል፤ ሽፋኑ ልባጥ ነው። ፊደሎቹን ብቻ ያየ ሰው ልባጥና በላጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። መመሳሰሉ ግን የድምፅ እንጂ የዘር አይደለም። የበላጥ የትውልድ አገር ሌላ ነው፤ እዚያ ድረስ የተከተለው ሰው ደግሞ ሳያስበው አዲስ አበባ ይደርሳል።

በጥንታዊ ግሪክኛ ፕላቲያ ሰፊ መንገድ ማለት ነበር፤ ሥሩ “ሰፊ፣ ዝርግ” የሚለው ቅጽል ነው። ሮማውያን ቃሉን ፕላቴያ ብለው ወሰዱት። ሮም በሶርያና በፍልስጥኤም ከተሞች በድንጋይ የተነጠፉ አውራ ጎዳናዎችን ስትዘረጋ ቃሉም በአረማይክ በኩል አድርጎ ዓረብኛ ገባ። ዓረብኛ ፕ የሚል ድምፅ ስለሌለው ብ አደረገው፤ የግሪኩን ት ደግሞ ጥ አለው። ለኢትዮጵያዊ ይህ የድምፅ ለውጥ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ግሪኩ ፔትሮስ በግእዝ ጴጥሮስ፣ በዓረብኛ ቡጥሩስ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ፕላቲያም በላጥ ሆነ።

ያው የላቲን ቃል በጣሊያን ምድር ሌላ መንገድ ሄደ። አፍ ላይ እየለዘበ ፒያሳ ሆነ፤ በድንጋይ የተነጠፈ የከተማ አደባባይ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን በኋላ የአዲስ አበባው የአራዳ ገበያ አካባቢ ይህንኑ ስም ይዞ ቀረ። የነሲሙ ሠራተኛ እጁ ላይ ያለው በላጥና የታክሲ ረዳቱ “ፒያሳ፣ ፒያሳ” እያለ የሚጠራው ሰፈር የአንድ ቃል ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ በምሥራቅ በኩል በአረማይክና በዓረብኛ፣ ሌላው በምዕራብ በኩል በላቲንና በጣሊያንኛ ተጉዞ፣ ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪው አፍ ላይ ተገናኙ። ስለ ድንጋይ ንጣፍ ከሚነገረው ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ነገር ማግኘት ያዳግታል።

በዓረብኛ በላጥ ሌላም ትርጉም አለው፤ የንጉሥ ቤት፣ ቤተ መንግሥት። የኦማን የሱልጣን ጽሕፈት ቤት በስሙ ውስጥ ይህንኑ ቃል ይዟል። ነገር ግን ይህኛው መነሻው ፕላቲያ ሳይሆን ፓላቲየም የተባለው የላቲን ቃል ነው፤ እሱም የሮም ነገሥታት ቤታቸውን ከሠሩበት ከፓላታይን ኮረብታ የመጣ ነው። ሁለት የተለያዩ ቃላት ዓረብኛ ውስጥ ሲገቡ አንድ መልክ ይዘው ተቀላቀሉ። የኢስታንቡል በላጥ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤተ መንግሥቱ ወገን ነው፤ በስፔን ቫሌንሲያ አካባቢ አልባላት እየተባሉ የሚጠሩት መንደሮች ግን ከተነጠፈው መንገድ ወገን ናቸው።

የታሪክ መጻሕፍትም ቃሉን ያውቁታል። በመዲና ከነቢዩ መስጊድ ወደ ገበያው የሚወስደው በድንጋይ የተነጠፈ ሥፍራ አል-በላጥ ይባል ነበር፤ በኸሊፋው በሙዓዊያ ትእዛዝ የመዲናው ገዥ መርዋን ኢብን አል-ሐከም እንዳስነጠፈው ይተረካል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ732 የጦር መሪው ዓብዱረሕማን አል-ጋፊቂ ከፍራንኮች ጋር ገጥሞ የወደቀበትን ጦርነት ደግሞ የዓረብ ጸሐፊዎች በላጥ አሽ-ሹሐዳእ ይሉታል፤ የሰማዕታት ንጣፍ። ስሙ ጦርነቱ የተካሄደው አሮጌ የሮማውያን የድንጋይ መንገድ አጠገብ ስለነበር የወጣ እንደሆነ ይታመናል።

የድንጋዩና የቃሉ አገር አንዳንድ ጊዜ ይገጥማል። በመካ ታላቁ መስጊድ በካዕባ ዙሪያ የተነጠፈው ነጭ እብነ በረድ የመጣው ከግሪክ፣ ከታሶስ ደሴት ነው። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚወረውር በበጋ ቀትር በባዶ እግር የሚዞረው ምእመን እግሩ አይቃጠልም። ከግሪክ በመጣ ቃል የሚጠራ ወለል ከግሪክ በመጣ ድንጋይ ተነጠፈ። እብነ በረድ የሚለው የግእዝ ስምም እዚህ ላይ ልክ ነው፤ እብን ድንጋይ፣ በረድ በረዶ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ አገር ቤት ይዞራል። አማርኛስ ለጠፍጣፋ ንጣፍ ድንጋይ የራሱ ቃል የለውም? አለው፤ ቃሉም የቆየ ነው። ግእዝ በድንጋይ የተነጠፈ ወለልን ጸፍጸፍ ይላል። አውግስት ዲልማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ባሳተመው የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፤ ጠፍጣፋ የሚለው የዘወትር አማርኛም ከዚሁ ቤት ነው። ቃሉ ከባሕር ማዶም ዘመድ አለው። በዓረብኛ ሰፍሰፍ ዝርግ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ማለት ነው፤ በቁርኣን በጣሃ ምዕራፍ ተራሮች ሲደላደሉ በሚነገርበት ቦታ ይገኛል። በላጥ ከግሪክ የተገኘ እንግዳ ሲሆን ጸፍጸፍና ሰፍሰፍ ግን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የኖሩ የሴም ቋንቋዎች ንብረት ናቸው።

በላጥንና ጸፍጸፍን ጎን ለጎን ለማየት የሚመች አንድ ሥፍራ አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ጲላጦስ ለፍርድ የተቀመጠበት ቦታ በግሪክኛ ሊቶስትሮቶስ ይባላል፤ በድንጋይ የተነጠፈ ማለት ነው። የዓረብኛው መጽሐፍ ቅዱስ አል-በላጥ ብሎ ተርጉሞታል። የአማርኛው ጸፍጸፍ ይለዋል፤ የዕብራይስጡን ስም ገባታንም ገበታ አድርጎ ያነበዋል። ለአማርኛ አንባቢ ገበታ ዝርግ የምግብ ማቅረቢያ ነውና ባዕዱ ስም እንኳ እዚህ ደርሶ ዝርግነቱን አላጣም።

ድንጋዩስ? በአክሱም ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት በሚለው በዱንጉር፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፉ ወለሎች ዛሬም ይታያሉ። ቦታው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፍራንሲስ አንፍሬ ተቆፍሮ የወጣ ሲሆን ሕንፃው የ6ኛው ወይም የ7ኛው ምዕተ ዓመት ሥራ እንደሆነ ይገመታል። ጎብኚው እዚያ የሚረግጠው ጸፍጸፍ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

የዕለቱ አማርኛ ግን ሌላ ግስ መርጧል። ድንጋይ ይነጠፋል። አማርኛ ተናጋሪ የሚያነጥፈው ሰሌን ነው፣ ቁርበት ነው፣ አልጋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያነጥፍለት መኝታ ነው። ድንጋዩንም በዚያው ግስ ጠራው፤ መንገዱን እንደ ምንጣፍ ለሚመጣው ሰው የተዘረጋ አድርጎ አየው። ግሪኩ ሊቶስትሮቶስ ሁለተኛ ክፍሉ ይህንኑ መዘርጋት ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ስትሪትም ከላቲኑ ስትራታ፣ ከተነጠፈ መንገድ፣ የመጣ ነው። ዘርግቶ ማንጠፍ የብዙ ሕዝብ አሳብ ነው፤ ከእንግዳ መኝታ ጋር አንድ አድርጎ ማቆየቱ ግን የአማርኛ ውበት ነው። ንጣፍ የሚለው ቃል ደረቅ የመሐንዲስ ቃል የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ከዚያ ኮብልስቶን መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. መባቻ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ባደረገው ድጋፍ የኢትዮጵያ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገዳቸውን በተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ማንጠፍ ጀመሩ። የዓለም ባንክም በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር ለከተሞች በጀመረው መርሐ ግብር ሥራው ተስፋፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ድንጋዩ አገር ውስጥ ሞልቷል፤ ሬንጅ ከውጭ መግዛት አያስፈልግም፤ ሥራው ማሽን ሳይሆን ብዙ እጅ ይፈልጋል። በመሮና በመዶሻ አራት ማዕዘን ተደርጎ ይጠረባል፣ በአሸዋ ላይ ይደረደራል፣ ይጠቀጠቃል። ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃ ይዘጉ የነበሩ መንደሮች በደረቅ እግር የሚገባባቸው ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጭቃ ውስጥ አስከሬን ተሸክሞ ያለፈ ሰው ያውቀዋል።

ስሙ ግን በጥድፊያ የተወሰደ ነው። በእንግሊዝኛ ኮብል ውሃ እያንከባለለ ያሞለሞለው ክብ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ በእጅ ተጠርቦ አራት ማዕዘን የሆነው ድንጋይ በእንግሊዞቹ ዘንድ ሴት (sett) የሚባል ሌላ ስም አለው። ስለዚህ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር፣ የአዳማ ወጣት የጠረበው ድንጋይ ኮብልስቶን መባሉ በተዋሰበት ቋንቋ እንኳ ትክክል አይደለም። ጥርብ ድንጋይ የሚለው ስም በደጅ ቆሞ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ይሁንና ቃሉ ሥር ሰደደ፤ የአንድ ትውልድ ስም ሆነ። ዲግሪውን ይዞ ድንጋይ ያነጠፈ ወጣት ታሪኩን ሲናገር ኮብልስቶን ይላል፤ በዚያ ቃል ውስጥ ላብም፣ ቅሬታም፣ የመጀመሪያ ደመወዝም አለ። እንዲህ ያለውን ቃል ባዕድ ነህ ብሎ ማባረር አይቻልም፤ አይገባምም።

ቃል የሚጠፋው ባዕድ ሲገባ ሳይሆን የሥራው ሰው ዝም ሲል ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ዙሪያውን የሚለጠፈው ጠባብ ንጣፍ ዞኮሎ ይባላል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ በጣሊያንኛ ዞኮሎ የእንጨት ነጠላ ጫማ ማለት ነው። በሪያድ ይኸው ጠባብ ንጣፍ ነዕላ ይባላል፤ ነዕል በዓረብኛ ጫማ ነው። ሁለት ሕዝቦች ለግድግዳው ጫማ አጠለቁለት። አዲስ አበባ ዞኮሎ ለጥፎ ሪያድ የሄደ ሠራተኛ ነሲም ውስጥ ነዕላ ሲባል በሰማበት ቅጽበት ሥራውን ያውቀዋል፤ ሁለቱም ቃላት ጫማ ማለት መሆናቸውን ግን ማንም ካልነገረው ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። በጽሑፍ የተቀመጠ የእጅ ሥራ ቃል ጥቂት ነውና።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተዘረጉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ማየት ለተሳናቸው በበትርና በእግር የሚዳሰስ ጎርበጥባጣ ንጣፍ ይታያል። ይህን ንጣፍ ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሠርቶት በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ በኦካያማ ከተማ ተነጥፏል። በአማርኛ ምን እንበለው? አንዳንዱ ቢጫው መስመር ይለዋል፤ ቀለሙን እንጂ ሥራውን አይናገርም። የሚዳሰስ ንጣፍ ብንለው ያስኬዳል፤ ነገር ግን ስሙን የማውጣት መብቱ በቅድሚያ በበትሩ ለሚዳስሰው ሰው ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል አማርኛ መዝገበ ቃላትን ያሳተመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ኮብልስቶን የመንደሩን ሁሉ ደጅ ረግጧል፣ ከዓረብ አገር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተመልሷል፣ የከተማው ወለል እንዳለ ተለውጧል። የወለሉ ቃላት ግን ገና በሠራተኞቹ አፍ ላይ ናቸው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከሳዑዲ ተመልሳ ቤት የሠራች ሴት ሴራሚክ አንጣፊውን ስታዝ በላጥ ትል እንደሆነ፣ ጥርብ ድንጋይ የሚያመርቱት ማኅበራት ለድንጋዩ መጠንና ለስብርባሪው ምን ምን ስም እንዳወጡ፣ ጎንደር ላይ አሮጌ ግንብ የሚጠግን ግንበኛ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ምን ብሎ እንደሚጠራ፣ ይህ ሁሉ በጆሮ የሚሰበሰብ ነው።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ አንጣፊ፣ ጠራቢ፣ ግንበኛ፣ ወይም ሪያድ ላይ በላጥ ያጠበች እህት አንድ ነገር ይለመናሉ። በሥራ የምትሉትን ቃል፣ የትኛውን ድንጋይ ወይም የትኛውን ሥራ እንደሚጠራ፣ የት ከተማ እንደሰማችሁትና ከማን አፍ እንደተማራችሁት በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የቋንቋ መምህራንም ደብተሩን ፈልጋችሁ ሂዱ።